ስለ ቤተ ሰብ ጤና፤ ከቆዳ በታች ስለሚበቅል ዕብጠትና በድምፅ ስለሚመረመርበት ጥበብ

በቤተ ሰብ መካከል በአንዱ ሰውነት ላይ ዕብጠት ብቅ ያለ እንደ ሆነ፣ ነገሩ እንደ ወጣበት ስፍራ የተለያየ አያያዝ ይደረግለታል። በአንገት ወይም በጀርባ የወጣውን ሁሉም ያየዋልና አንዱ በጣቱ ጨምቆ ሊያፈርጠው ይሞክራል፤ ሌላው በጋለ ብረት ይተኵሰዋል፤ ሌላውም ምላጭ ይዞ ይበጣዋል። ለሰው ዐይን በማይታይ ስፍራ የወጣ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ ከትዳር ጓደኛው እንኳ ሸሽጎ ዓመት ሁለት ዓመት ይቈያል፤ በልቡም «ይህ ነገር ነቀርሳ ነው» እያለ ሌሊቱን ሲጨነቅ ያድራል። በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ የምናቀርበው ነገር በብዙ ሰው ላይ ስለሚወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም ክፉ ስላልሆነ አንድ ዐይነት ዕብጠት ነው። ይህ ዕብጠት ባልተለመደ ስፍራ የወጣ ጊዜ ሐኪሙን ራሱን ያሳስተዋል፤ ሰውም ያለ አገባብ እንዲቈረጥ ወይም ያለ አገባብ እንዲፈራ ያደርገዋል።

የሰው ቆዳ ዘወትር እየታደሰ የሚኖር ነገር ነው። ከበታች አዲስ ሕዋስ ይወለዳል፤ እርሱም ወደ ላይ እየወጣ ይደርቅና እንደ ስስ ቅርፊት ሆኖ በመታጠብና በልብስ መታሸት ይረግፋል። የሚረግፈው ነገር ኬራቲን ይባላል፤ ጠጕርና ጥፍርም የሚሠሩት ከእርሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ከላይኛው ቆዳ ጥቂት ክፍል በአንድ ምክንያት ወደ ውስጥ ገብቶ ከቆዳው በታች ይቀራል። ተቀብሮም ሳለ የተፈጠረለትን ሥራ አይተውም፤ እንደ ቀድሞው ይወልዳል፤ ያደርቃል፤ ያረግፋል። የሚረግፈው ግን መውጫ ስለሌለው በገዛ ከረጢቱ ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል። ሐኪሞች ይህን ኤፒደርማል ሲስት ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የቆዳ ከረጢት እንለዋለን። ሲከፈት የሚወጣው እንደ አይብ ነጭ የሆነ፣ ሽታውም የሚከረፋ ነገር ነው። ብዙ ሰው፣ ከሐኪሞችም ወገን ጭምር፣ የወዝ ወይም የስብ ከረጢት ይለዋል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ወዝም ስብም አይደለም፤ ስሙ ከቀድሞ ልማድ የቀረ ስሕተት ነው።

የተለመደው ስፍራው ፊት፣ አንገት፣ ደረትና ጀርባ ነው። በዚያ የወጣ እንደ ሆነ አዋቂ ሐኪም ያለ ምንም መሣሪያ በዐይኑና በጣቱ ይለየዋል፤ ክብ ነው፤ ከቆዳው ጋር ተያይዞ ከበታቹ ካለው ሥጋ ግን ተለይቶ ይንቀሳቀሳል፤ በጫፉም ላይ ብዙ ጊዜ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች ጥቁር ነጥብ ትታያለች። ይህን በቤት ውስጥ መጭመቅ ከሁሉ የከፋ ነው። ከረጢቱ ወደ ውጭ የፈነዳ መስሎ ወደ ውስጥም ይፈነዳልና፤ ያ የደረቀ ነገር በሥጋ መካከል ሲበተን ሰውነት እንደ ባዕድ ጠላት ቈጥሮ ይዋጋዋል፤ ስፍራው ይቀላል፤ ይግላል፤ ይጠዘጥዛል። በምላጭ የበጣውም ሰው ቢሆን ያፈሰሰው ይዘቱን ብቻ ነው፤ ግድግዳው በስፍራው አለና ከጥቂት ወራት በኋላ ከረጢቱ ይሞላል፤ በጠባሳው ምክንያትም ለሁለተኛው ሐኪም ሥራው ከባድ ይሆንበታል።

እንግዲህ ይህ ነገር ባልተለመደ ስፍራ እንዴት ይገኛል? ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ የአካሉ ክፍሎች ሲጋጠሙ ከላይኛው ቆዳ ጥቂት በመካከላቸው ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ በምላስ ሥር፣ በቅንድብ ጫፍ፣ በአፍንጫ መካከል ይገኛል። በሌላ ወገን እሾህ ወይም መርፌ ወይም የሐኪም ቢላዋ የላይኛውን ቆዳ ይዞ ወደ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ ስለዚህ ጠጕር ፈጽሞ በማይበቅልበት በውስጥ እግርና በመዳፍ፣ እንደዚሁም በቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ሥር ይወጣል። በውስጥ እግር ከሚወጡት አንዳንዶቹ ደግሞ የኪንታሮት ወገን በሆነ ቫይረስ እንደሚመጡ ታውቋል። ባለቤቱ ወጊውን ነገር ረስቶት ሊሆን ይችላል፤ ከረጢቱ የሚያድገው በዝግታ ነውና በመወጋቱና በዕብጠቱ መታየት መካከል ዓመታት ያልፋሉ።

በእንደዚህ ያለው ስፍራ ጣት ብቻውን አይበቃም፤ የሚታመነው በድምፅ መመርመር ነው። አልትራሳውንድ የተባለውን መሣሪያ ብዙ ሰው የሚያውቀው በነፍሰ ጡር ሆድ ውስጥ ያለውን ሕፃን በማሳየቱ ነው፤ ሥራው ግን በዚያ አያበቃም። የሰው ጆሮ የሚሰማው በአንድ ሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው። ለቆዳና ከቆዳ በታች ላለ ነገር የሚያገለግለው መሣሪያ ግን በሴኮንድ ዐሥር ሚሊዮን ጊዜ ያህልና ከዚያም በላይ የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ሥጋ ይልካል፤ ድምፁም ከስብ፣ ከጡንቻ፣ ከውሃ ጋር ሲጋጠም እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ መሣሪያው የተመለሰውን ሰብስቦ ሥዕል ያደርገዋል። ጨረር የለበትም፤ አያምም፤ ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም ያገለግላል።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት የፈረንሳይ ወንድማማቾች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 እንደ በረድ ያለ ድንጋይ ሲጫን ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ አገኙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ፖል ላንዥቨን የተባለው ሊቅ በዚሁ ድንጋይ ድምፅ ወደ ባሕር እየላከ የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ የሚፈልግበትን ዘዴ አበጀ። ከዚያ በኋላ የብረት ፋብሪካዎች በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ ለማግኘት በድምፅ መመርመር ጀመሩ። በ1955 ኢያን ዶናልድ የተባለ በግላስጎው የሚኖር የማኅፀን ሐኪም ከሕሙማን የወጡ ዕጢዎችን በመኪናው ጭኖ ወደ አንድ የቦይለር ፋብሪካ ሄደ፤ ለብረት በተሠራው መሣሪያም ዕጢዎቹን እያስተያየ መረመራቸው፤ ለማነጻጸሪያም ቍራጭ የበሬ ሥጋ ቀረበለት። ጠንካራው ዕጢና ውሃ የቋጠረው ከረጢት የሚሰጡት የድምፅ ምላሽ የተለያየ ሆኖ አገኘው። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ሊድን የማይችል የሆድ ዕቃ ነቀርሳ አለባት ተብላ ተስፋ የተቈረጠባትን አንዲት ሴት በዚሁ ጥበብ መርምሮ፣ ያለባት የእንቍላል ዕጢ ከረጢት መሆኑን ገለጠ፤ በቀዶ ሕክምናም ወጥቶላት ዳነች። የምርመራውን ውጤት ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው በ1958 ነው።

የቆዳ ከረጢት በድምፅ ሥዕል ላይ የራሱ መልክ አለው። ጠርዙ የጠራ፣ ክብ ወይም እንቍላል መሰል ነው፤ ውስጡ ከዙሪያው ሥጋ ጠቆር ይላል፤ ነገር ግን እንደ ንጹሕ ውሃ ፍጹም ጥቁር አይሆንም፤ የተደራረበው ኬራቲን ብሩህ መስመሮችንና ጥቁር ስንጥቆችን ያሳያልና። ከበስተኋላው ያለው ሥጋ ደመቅ ብሎ ይታያል፤ ከግራና ከቀኝ ጠርዙ ደግሞ ቀጭን ጥላ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ከከረጢቱ ራስ ላይ አንዲት ትንሽ ጕብታ ወደ ቆዳው ትወጣለች፤ ሐኪሞች ሥዕሉን የሰርጓጅ መርከብ ምልክት ይሉታል፤ መርከቡ ከነመመልከቻ ማማው ይመስላልና። ድምፅ በመጀመሪያ በባሕር ውስጥ ያሳድደው የነበረው መርከብ፣ ዛሬ በሰው ቆዳ ሥር በምሳሌ መገኘቱ ያስደንቃል።

ከዚህ በላይ ጠቃሚው የደም ነገር ነው። መሣሪያው ዶፕለር በሚባለው ክፍሉ ደም የሚሄድበትን በቀለም ያሳያል። ባልተቈጣ የቆዳ ከረጢት ውስጥ ደም አይታይም፤ ውስጡ የሞተ ቅርፊት ነውና። በውስጡ ደም የሚመላለስበት ዕብጠት የቆዳ ከረጢት ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም፤ ከእርሱ በመርፌ ተወስዶ መመርመር ያስፈልጋል። እንደዚሁም የስብ ዕብጠት ከቆዳው ጋር ትይዩ ሆኖ የተንጋለለና በመሣሪያው ሲጫኑት የሚለሰልስ ነው፤ ከእጅ አንጓ የሚወጣው የመገጣጠሚያ ውሃ ከረጢት ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ከደም ሥር ያበጠው ደግሞ በቀለም ይሞላል። በብብት ወይም በጕያ ያለውን የደም ሥር ዕብጠት መግል ነው ብሎ በምላጭ የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት መናገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ስፍራዎቹ እንመለስ። በአገራችን ባላገር በባዶ እግሩ በግራር እሾህ መካከል ሲሄድ ኖሯል፤ በእግሩ ሥር የደነደነ፣ ሲረግጥ የሚያመው ነገር ሲወጣበትም በምላጭ እየላገ ዘመኑን ይፈጽማል። ያ ነገር ከበታቹ የቆዳ ከረጢት ያለበት ሊሆን ይችላል፤ የእሾህ ስባሪም ሊሆን ይችላል። የእንጨትን ስባሪ የራጅ ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ አያሳየውም፤ አልትራሳውንድ ግን እንደ ብሩህ መስመር አድርጎ ከነጥላው ያሳየዋል። ለራሱ ትንሽ ዕብጠት ባሕር ማዶ ለመሻገር የሚቸኩል ጌታ፣ የዘበኛውን ወይም የአትክልተኛውን እግር በከተማው ውስጥ ባለ መሣሪያ ለማስመርመር አለማሰቡ ያሳዝናል።

በጣት ጫፍ አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለድምፅ የተመቸ አይደለም። ድምፅ በአጥንት ውስጥ አያልፍምና፤ በመዶሻ ወይም በበር ጣቱ ተጨፍልቆ ከዓመታት በኋላ ጫፉ ያበጠበት ሰው ራጅ መነሣት ይገባዋል።

በጡት የወጣው እጅግ የሚያስደነግጥ ነው። ሴቲቱ ዕብጠቱን በዳሰሰች ጊዜ የሚታሰባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሰቧም መልካም ነው፤ ምክንያቱም በጡት የወጣ ማንኛውም ዕብጠት ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። አልትራሳውንድ ዕብጠቱ ከጡቱ ሥጋ ሳይሆን ከቆዳው የተነሣ መሆኑን፣ ከቆዳውም ጋር በቀጭን መንገድ መያያዙን ካሳየ ፍርሀቱ ብዙ ይቀላል። መርማሪው መርፌ ከመውጋቱ በፊት ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል፤ የተወጋ ከረጢት ይዘቱን ወደ ጡቱ ሥጋ ሊበትን ይችላልና።

በወንድ ዘር ፍሬ ውስጥ የሚገኘው ከዚያ ስፍራ ዕጢዎች ሁሉ ከመቶው አንድ ወይም ሁለት ያህል ነው። በቀድሞ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕብጠት የተገኘበት ሰው ፍሬው በሙሉ ይወጣለት ነበር፤ ከነቀርሳ የሚለይበት መንገድ አልነበረምና። ዛሬ ግን ሥዕሉ እንደ ሽንኵርት ድርብርብ ክብ ሆኖ የታየ፣ በውስጡ ደም የሌለበት፣ የደሙም ምርመራ ንጹሕ የሆነ እንደ ሆነ፣ ቀዳጁ ሐኪም ከረጢቱን ብቻ ፈልቅቆ ማውጣት ይችላል፤ በቀዶውም ሰዓት ቍራጩ በማጕያ መነጽር እንዲታይ ያደርጋል። ለአንድ ወጣት ልጅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ሕፃናት ደግሞ ለእናቶች የምንነግረው አለን። በቅንድብ የውጭ ጫፍ የምትታይ ትንሽ ድንቡል ዕብጠት ዴርሞይድ የሚባለው የዚህ ከረጢት ዘመድ ናት፤ ብዙውን ጊዜም የከፋ ነገር የላትም። ነገር ግን በአፍንጫ መካከል፣ በግንባር መካከል፣ ወይም በታችኛው ጀርባ በአከርካሪው መስመር ላይ የወጣች እንደ ሆነ፣ በተለይም ጠጕር የበቀለባት ቀዳዳ ካለች፣ ሥሯ ወደ ራስ ቅል ወይም ወደ ኅብለ ሰረሰር ሊዘልቅ ይችላል። እንዲህ ያለችው በምንም ምክንያት አትነካም። አዲስ የተወለደ ሕፃን አከርካሪው ገና አልጠነከረምና በመጀመሪያዎቹ ወራት በአልትራሳውንድ ኅብለ ሰረሰሩ ይታያል፤ ያ ጊዜ ካለፈ ግን ኤም አር አይ የተባለው ታላቅ መሣሪያ ያስፈልጋል።

እስከ አሁን የጻፍነው ሁሉ የሚነበብ ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ሲጻፍ አንዳንድ አንባቢ ፊቱን ያዞር ይሆናል። ዳሩ ግን በአገራችን ይህ ከረጢት ባልተለመደ ስፍራ እንዲወጣ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ የሴት ልጅ ግርዛት ስለ ሆነ፣ ዝም ብለን ብናልፈው ጽሑፋችን ከንቱ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች ከመቶው 65 የተገረዙ ሆነው ተገኝተዋል። ምላጩ ሲቈርጥ፣ ቍስሉም በራሱ ሲጋጠም፣ የላይኛው ቆዳ በጠባሳው ሥር ይቀበራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከላይ እንደ ተናገርነው ነው። ሕፃኒቱ ታድጋለች፤ ከረጢቱም አብሮ ያድጋል። በመጀመሪያ እንደ አተር ያህል ነው፤ በአንዳንዷ ላይ እንደ ሎሚ፣ ከዚያም የሚበልጥ ሆኖ ታይቷል። በአብዛኛው አያምም፤ ነገር ግን መቀመጥንና መሄድን ያውካል፤ በትዳር መካከል ሐዘን ያገባል፤ የመረቀዘ እንደ ሆነም ታላቅ ሥቃይ ያመጣል።

ከሕመሙ ይልቅ የሚጐዳው ዝምታው ነው። እንዲህ ያለች ሴት በእናቷ ፊት እንኳ ነገሩን አታነሣም። አንዳንዷ በሠራችው ኀጢአት የመጣባት ቅጣት ይመስላታል፤ አንዳንዷም ነቀርሳ መሆኑን ቈርጣ ሞቷን ትጠብቃለች። ባሏም አይቶ የማያውቀው ነገር ስለ ሆነ ክፉ ደዌ ነው ብሎ ሊሸሻት ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በግማሽ ሰዓት ምርመራ ሊታወቅ ስለሚችል ነገር ነው። አልትራሳውንድ በቆዳው ላይ ብቻ ተደርጎ ከረጢቱን ያሳያል፤ መጠኑን ይለካል፤ ደም የሌለበት መሆኑን ይመሰክራል፤ ከማኅፀን በር ዕጢ መግል፣ ከአንጀት መውረድ፣ በጠባሳ ውስጥ ከሚበቅል የነርቭ ዕጢም ለመለየት ይረዳል። ይህ የነርቭ ዕጢ ሲነኩት ብርቱ ሕመም አለው፤ ሥዕሉም ጠጣር ነው። ቀዳጁ ሐኪም ከረጢቱ እስከ ምን ድረስ እንደ ዘለቀ አስቀድሞ ካወቀ፣ በምላጭ የተረፈውን ጤነኛ ሥጋና ነርቭ ሳይጐዳ ያወጣዋል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው የማኅፀን ሐኪም ነው።

ግርዛቱ ራሱ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው። ሕጉን የሚያስፈጽሙ ብዙ አንባቢዎች ስላሉን ይህን ማስታወሳችን ትርፍ ነገር አይመስለንም። ከተገረዘች ሃያ ዓመት ለሆናት ሴት ግን ሕጉ ዕብጠቷን አያወጣላትም፤ ስለዚህ የቤት አለቃ የሆነ ሰው ሚስቱ ወይም እኅቱ ወይም የቤት ሠራተኛው «ሴት ሐኪም ልታየኝ እፈልጋለሁ» ያለችው እንደ ሆነ ምክንያቷን ሳይመረምር መንገዷንና ገንዘቧን ሊያሰናዳላት ይገባዋል። ሴት መርማሪ እንድትሆን መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ብዙ ሐኪም ቤቶችም ይህን ያደርጋሉ።

መሣሪያው ሁሉን ያውቃል ብለን ግን አንዋሽም። ሥዕሉ እንደ መርማሪው እጅና ዐይን ነው፤ የሆድ ምርመራ ብቻ የለመደ ሰው ለቆዳ የማይስማማ መመርመሪያ ይዞ ትንሹን ዕብጠት ሊስተው ይችላል። የፈነዳና የተቈጣ ከረጢትም ጠርዙ የተዘበራረቀ፣ በዙሪያው ደም የበዛበት ሆኖ ስለሚታይ ከመግልና ከነቀርሳ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ወደ ምርመራ የሚሄድ ሰው በዋዜማው ዕብጠቱን አይጨምቀው፤ የባህል ቅባትም አይለጥፍበት። ለመርማሪውም ዕብጠቱ መቼ እንደ ታየ፣ በዚያ ስፍራ እሾህ፣ መርፌ፣ ምላጭ ወይም ቀዶ ሕክምና ነክቶት እንደ ሆነ ሳይደብቅ ይንገረው፤ ይህ አንድ ቃል ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ እኩል ይረዳል። በሚሰጠው ጽሑፍም የዕብጠቱ ልክ በሚሊሜትር፣ ከቆዳው በታች ያለው ጥልቀት፣ ከቆዳው ጋር መያያዙና የደሙ ነገር መጻፉን ይመልከት፤ «ዕብጠት አለ» ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ቀዳጁ መሄድ ድካም ነው።

ትንሽ ሆኖ የማያስቸግር ከረጢት ሁልጊዜ መውጣት የለበትም፤ ሐኪሙ እየተመለከተው ሊቈይ ይችላል። የመረቀዘ እንደ ሆነ አስቀድሞ ቍጣው እንዲበርድ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ይወጣል። በሚወጣበትም ቀን ከረጢቱ ከነግድግዳው ሳይቀደድ እንዲወጣ ይሞከራል፤ የወጣውም ነገር አይጣልም፤ በፎርማሊን ተነክሮ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ እጅግ በጥቂቱ ቢሆንም በግድግዳው ውስጥ ነቀርሳ የተገኘበት ጊዜ አለና። ስለዚህ ሕመምተኛው ስፌቱ በተፈታለት ቀን የላቦራቶሪውን መልስ ጠይቆ ወረቀቱን ከቤቱ መዝገብ ጋር ያስቀምጥ።